ወንዙ የማን ነው? የቀዛፊዎች መዋጮና የፍሰት ፊዚክስ

በአሜሪካዋ ዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች መካከል፣ ሰመርስቪል ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ 119 ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ ሙሌት ግድብ ጋውሊ የተባለውን ወንዝ አግዶ ቆሟል። በ2009 መስከረም ወር፣ በዚያ አገር ለዶክትሬት ትምህርት በነበርንበት ጊዜ፣ አንድ የላቦራቶሪ ባልደረባችን «በክፍል ውስጥ ስሌቱን ብቻ ያያችሁትን ነገር ድምፁን ላሰማችሁ» ብሎ ሌሊት ላይ ቀስቅሶ ወደዚያ ወሰደን። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስንደርስ ጎሕ ቀዶ ነበር። ከግድቡ ግርጌ የሚወጣው ውኃ የሐይቁ ጥልቅ ክፍል ውኃ በመሆኑ እጅግ ይቀዘቅዛል፤ ከሸለቆው አየር ጋር ሲገናኝ ጉም ያነሣል። በዚያ ጉም ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ቀለማቸው የደመቀ ትንንሽ ካያኮችን በትከሻቸው ተሸክመው፣ ሌሎችም በአየር የተነፉ የጎማ ጀልባዎችን ለስድስትና ለስምንት ይዘው ወደ ውኃው ይወርዱ ነበር።

ለእኛ የደነቀን ግን የውኃው ጩኸት ብቻ አልነበረም። ባልደረባችን በመንገድ ላይ ስለ ወንዙ ሲያወጋን «ይህን ውኃ ገዝተነዋል ማለት ይቻላል፤ በየዓመቱም እንገዛዋለን» ብሎ ነበር። ነገሩ ግራ አጋባን። በተወለድንበት አገር ወንዝ ወርዶ ለመዋኘት ማንንም ፈቃድ የጠየቀ ልጅ አናውቅም፤ የሚያስፈራን ጎርፉ እንጂ ባለቤቱ አልነበረም። ወንዝ ባለቤት ሊኖረው እንደሚችል፣ ሕዝብም በወንዙ ላይ የመንሳፈፍ መብቱን ለማቆየት ገንዘብ ሊያዋጣ እንደሚገባው የተረዳነው በዚያ መስከረም ነው። ውድ አንባብያን፣ ነገሩ የሕግና የገንዘብ ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ በዚህ መጽሔት ላይ ባላነሣነው ነበር። ከሥር ከሥሩ ሲታይ ግን ክርክሩ ሁሉ በሴንቲ ሜትርና በሜትር ኩብ የሚለካ ሆኖ አግኝተነዋል።

ከግድቡ ታሪክ እንነሣ። ግድቡን የሠራው የአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ጓድ ሲሆን ሥራው የተጠናቀቀው በ1966 ነው፤ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ራሳቸው ተገኝተው መርቀውታል። ስለ ስሙ የሚነገር አንድ ጨዋታ አለ። ጓዱ ግድቦቹን በአቅራቢያቸው ባለ መንደር ስም መሰየም ልማዱ ነበር። ሐይቁ የዋጣት መንደር ደግሞ ጋድ ትባል ነበርና ግድቡ «ጋድ ዳም» ሊባል ሆነ። ይህን ጮክ ብሎ ያነበበ ሰው በእንግሊዝኛ ምን ዓይነት እርግማን እንደሚመስል ወዲያው ይሰማዋል፤ ስለዚህ ራቅ ያለችው የሰመርስቪል ስም ተመረጠ።

የግድቡ ዋና ሥራ ጎርፍ መከላከል ነው። ሐይቁ በበጋቸው ሞልቶ ይቆይና መጸው ሲገባ ለክረምቱና ለጸደዩ ጎርፍ ቦታ ለማዘጋጀት ከ20 ሜትር በላይ ዝቅ እንዲል ይደረጋል። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በመስከረምና በጥቅምት የሚለቀቀው ውኃ በማናቸውም መንገድ ቢሆን መለቀቁ የማይቀር ውኃ ነው። ጥያቄው መቼ፣ በምን ያህል መጠንና በየት በኩል የሚለው ነው። ቀስ በቀስ ሌትም ቀንም ቢለቀቅ ማንም ልብ ሳይለው ይፈሳል፤ በተወሰኑ ቀናት ተጠራቅሞ ሲለቀቅ ግን ከግድቡ በታች ያለው 40 ኪሎ ሜትር ሸለቆ በዓለም ላይ ከታወቁት የነጭ ውኃ መቅዘፊያዎች አንዱ ይሆናል።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ የወንዙን ፍሰት የሚያዛባ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ዕቅድ ቀረበ። እንዲህ ያሉ ዕቅዶች ሊያስከትሉት የሚችሉት ነገር ለፊዚክስ ተማሪ ግልጽ ነው። የውኃ ኃይል ከፍታን ይፈልጋል፤ ወንዙ በሸለቆው ውስጥ እየተንደረደረ የሚያባክነውን ከፍታ በዋሻ ወይም በቦይ አቋርጦ ወደ ተርባይን መውሰድ ለመሐንዲስ ያጓጓል። የጋውሊ ወንዝ ከግድቡ በታች ባለው 40 ኪሎ ሜትር ውስጥ 203 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ በኪሎ ሜትር 5 ሜትር መሆኑ ነው። በሰከንድ 71 ሜትር ኩብ ውኃ ሲለቀቅ፣ የውኃውን እፍጋት በስበት ፍጥነት ለውጥ፣ በፍሰቱና በከፍታው ስናባዛው 140 ሜጋዋት ገደማ እናገኛለን። ይህ ሁሉ ኃይል በሸለቆው ውስጥ ወደ ድምፅ፣ ወደ አረፋና በመጨረሻም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሙቀቱ ግን ኢምንት ነው፤ 203 ሜትር የወደቀ ውኃ የሚሞቀው በግማሽ ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ብቻ ነው። አንባቢው ሊያሰላው ይችላል። አንዱ ሰው ይህን ሲያይ «የባከነ ኃይል» ይላል፤ ሌላው ደግሞ ወንዝ ማለት ይኸው ብክነት ነው ብሎ ይመልሳል። እኛ በሙያችን ወደ መጀመሪያው ማዘንበል የሚጠበቅብን ቢሆንም በዚያ ጠዋት ዳር ላይ ቆመን የሁለተኛው ወገን ሆነናል።

ዕቅዱ ቆመ፤ ያቆሙትም ለወንዙ የተሰባሰቡ ቀዛፊዎችና የአካባቢው ወዳጆቻቸው ናቸው። ድሉን ለማክበር በ1983 ያደረጉት ግብዣ የጋውሊ ፌስቲቫል ሆኖ ቀጠለ። ዛሬ ይህ በዓል በዓለም ትልቁ የቀዛፊዎች ስብሰባ ተብሎ ይታወቃል። ከበዓሉ የሚገኘው ገንዘብም አሜሪካን ዋይትወተር ለተባለው፣ በ1954 ለተመሠረተው የቀዛፊዎች ማኅበር ሥራ ይውላል። ስሌቱ ቀላል ነው። የመግቢያ ትኬት ይሸጣል፤ መቅዘፊያና የራስ ቁር የሚሠሩ ድርጅቶች ለድንኳን ቦታ ይከፍላሉ፤ ዕቃ በስጦታ ሰጥተው በጨረታ ይሸጣል። እኛ ያገኘነው ወጣት የአባልነት ቅጽ የሚያስሞላ ነበር። የተማሪ ኪስ እንደሚታወቀው ነው፤ ሆኖም ባልደረባችን እያየን እምቢ ማለት አልቻልንምና እንደ እድርተኛ ከፍለን ተመዘገብን። ያኔ ለምን እንደከፈልን በቅጡ አልገባንም ነበር።

ከበዓሉ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1986፣ የአሜሪካ ምክር ቤት ባወጣው የውኃ ሀብት ልማት ሕግ የነጭ ውኃ መዝናኛ ከሰመርስቪል ግድብ ዓላማዎች አንዱ እንዲሆን ደነገገ። ሕጉ ቁጥር ያዘለ ነው። ከመስከረም መጀመሪያው የሠራተኞች በዓል በኋላ ባሉት 6 ሳምንታት ውስጥ ቢያንስ ለ20 ቀናት በሰከንድ 2,500 ኪዩቢክ ጫማ፣ ማለትም ከላይ የጠቀስነው 71 ሜትር ኩብ፣ ይለቀቃል። በ1988 ደግሞ ሸለቆው ብሔራዊ የመዝናኛ ሥፍራ ተብሎ ተከለለ። ኤሌክትሪኩም አልቀረም፤ በ2001 ከግድቡ እግር ሥር 80 ሜጋዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ልዩነቱ ጣቢያው የሚጠቀመው ግድቡ የፈጠረውን ከፍታ ብቻ መሆኑ ነው፤ ውኃው ተርባይኑን አልፎ እዚያው ወንዙ ውስጥ ይገባል፤ ሸለቆውን አይዘለውም። የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ከሁለተኛው ማመንጫ በፊትና በኋላ ያየ ኢትዮጵያዊ፣ ውኃን በፏፏቴው ጎን አሳልፎ መውሰድና ከግድብ እግር ሥር መጠቀም ምን ያህል እንደሚለያዩ ማስረጃ አያሻውም።

እዚህ ላይ «ከውኃው ትንሽ ቢቀነስስ ምን ይጎዳል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ለዚህ መልስ የሚሰጠን አይሪሻዊው መሐንዲስ ሮበርት ማኒንግ በ1889 ያቀረበው ቀመር ነው። በሰፊ ወንዝ ውስጥ የውኃው ፍጥነት ከጥልቀቱ ሁለት ሦስተኛ ርቢና ከተዳፋቱ ስኩዌር ሩት ጋር ይመጣጠናል። ፍሰት ደግሞ ፍጥነት በጥልቀትና በስፋት ሲባዛ ነውና ከጥልቀቱ አምስት ሦስተኛ ርቢ ጋር ይሄዳል። እንግዲህ ፍሰቱ በግማሽ ቢቀንስ ጥልቀቱ በግማሽ አይወርድም፤ ወደ 66 በመቶ ብቻ ዝቅ ይላል። ፍሰቱ ወደ አንድ አሥረኛ ሲወርድ ግን ጥልቀቱ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል፤ 1 ሜትር ከ20 የነበረው 30 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

30 ሴንቲ ሜትር ለካያክ ይበቃ ይሆን? አርኪሜደስን እንጠይቅ። 20 ኪሎ ግራም የምትመዝን ካያክ 80 ኪሎ ግራም ከሚመዝን ሰው ጋር 100 ሊትር ውኃ ታስለቅቃለች። የሆዷ ስፋት ወደ አንድ ሜትር ካሬ ከሆነ የምትሰምጠው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በወረቀት ላይ 30 ይበቃል። ነገር ግን 30 ሴንቲ ሜትር አማካይ ነው፤ የጋውሊ ወለል ደግሞ ቤት የሚያካክሉ ድንጋዮች የተደረደሩበት ነው። አማካይ ጥልቀቱ ከድንጋዮቹ ቁመት በታች ሲሆን ወንዙ ወንዝ መሆኑ ቀርቶ በድንጋይ መካከል የሚንጠባጠቡ ኩሬዎች ስብስብ ይሆናል። አደጋውም በውኃ ማነስ አይቀንስም። እግር በድንጋይ መካከል ተቀርቅሮ የሚቀረው ጥልቀት ባለው ውኃ ሳይሆን እስከ ጉልበትና እስከ ወገብ በሚደርሰው ነው።

በሌላ በኩል ብዙ ውኃ የራሱ ጣጣ አለው። ፍጥነቱ በሰከንድ 4 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር በሆነ ቦታ የፍሩድ ቁጥር 1.28 ያህል ነው። ከ1 በላይ ነው ማለት የውኃው ሞገድ ወደ ላይ መጓዝ አይችልም፤ ወንዙ ከታቹ ያለውን ነገር «ሳያውቅ» ይሮጣል። ከታች የረጋ ውኃ ሲያጋጥመው በድንገት ይዘላል፤ ላዩም ወደ ኋላ ይገለበጣል። ቀዛፊዎች የሚፈሩት ይህን ወደ ኋላ የሚሽከረከር አረፋ ነው። አረፋው ከሦስት እጅ አንዱ አየር ከሆነ የእፍጋቱ አንድ ሦስተኛ ጠፍቷል፤ የመንሳፈፊያ ሰደርያውም የማንሳት ኃይሉ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ወንዝ ጥቂትም ብዙም ያልሆነ ተስማሚ ፍሰት አለ። ያ ፍሰት ስንት ነው?

በእኛ አስተያየት የቀዛፊዎች መዋጮ ከሚከፍልላቸው ሥራዎች ሁሉ ለተማሪ የሚጠቅመው ይህን ጥያቄ የመመለሱ ሥራ ነው። በአሜሪካ የግል የኃይል ማመንጫ ግድቦች ፈቃድ ከ30 እስከ 50 ዓመት ይቆያል። ፈቃዱ ሲታደስ፣ በ1986 በወጣ ሌላ ሕግ መሠረት፣ የፌዴራል ኃይል ተቆጣጣሪው ኮሚሽን ለኤሌክትሪኩ የሚሰጠውን ያህል ግምት ለዓሣውም ለመዝናኛውም መስጠት አለበት። ግምት የሚሰጠው ግን ማስረጃ ላቀረበ ነው። ኩባንያው መሐንዲሶችና ጠበቆች አሉት። የቀዛፊዎቹ ወገን ባዶ እጁን ከመጣ፣ «ወንዙን እንወደዋለን» ከማለት ያለፈ የሚያስመዘግበው ነገር አይኖረውም። ሃምሳ ዓመት ደግሞ የአንድ ሰው የሥራ ዘመን ሙሉ ነው፤ ያመለጠ ዕድል ለልጅ ነው የሚተርፈው።

ስለዚህ ሙከራ ይደረጋል። ግድቡ በተከታታይ ቀናት ሦስት ወይም አራት የተለያዩ ፍሰቶችን እንዲለቅ ይስማማል። በየቀኑ ያው ቡድን ያንኑ ርቀት ይቀዝፋል፤ ማታ ማታም እያንዳንዱ ሰው ሌላውን ሳያማክር ቅጽ ይሞላል። ጀልባህ ስንት ጊዜ ከድንጋይ ጋር ተጋጨ? ስንት ጊዜ ወርደህ ጎተትክ? ለዚህ ፍሰት ከ5 ስንት ትሰጣለህ? ውጤቱ በግራፍ ሲሠራ አብዛኛውን ጊዜ የተገለበጠ ሳሕን ይመስላል፤ በትንሽ ፍሰት ዝቅ ብሎ ይጀምራል፣ መካከል ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ለብዙዎቹ ከአቅም በላይ ሲሆን ይወርዳል። ግራፉ «ተቀባይነት አለው» የሚለውን መስመር በስተግራ የሚያቋርጥበት ነጥብ ዝቅተኛው ፍሰት ነው። ኩባንያውም የሚጣላው በዚህ ነጥብ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ሜትር ኩብ የሚሸጥ ኤሌክትሪክ ነውና።

መጀመሪያ ይህን ስንሰማ የፊዚክስ ትዕቢታችን ተነሥቶ «የሰው ስሜት እንዴት መለኪያ ይሆናል?» ብለን ነበር። ይሁን እንጂ ስታቲስቲክሱ ለስሜትም ለጋልቫኖሜትርም አንድ ነው። የቀዛፊዎቹ ነጥብ በ0.8 የሚለያይ ቢሆንና 16 ሰዎች ቢሳተፉ፣ የአማካዩ ስሕተት 0.8ን በ16 ስኩዌር ሩት ማካፈል ነው፤ 0.2 ይሆናል። ከ5 ነጥብ ላይ 0.2 ስሕተት፣ አንዳንድ የመጀመሪያ ዓመት የላቦራቶሪ ሪፖርት ሲታረም ከምናገኘው ይሻላል። ተማሪዎቻችን አይቀየሙን።

መለኪያው ሌላም ጥቅም አለው። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ዛሬ ከ10 ሺህ በላይ የወንዝ መለኪያ ጣቢያዎች አሉት። የመጀመሪያው ጣቢያ የተተከለው በ1889 በኒው ሜክሲኮ፣ ሪዮ ግራንዴ ላይ፣ ኤምቡዶ በተባለ ቦታ ነው። ጣቢያው የሚለካው የውኃውን ከፍታ ነው፤ ባለሙያዎች በተለያየ ጊዜ ፍጥነቱን በቀጥታ ለክተው ከፍታንና ፍሰትን የሚያገናኝ ኩርባ ያዘጋጃሉ፤ ከዚያ በኋላ ከፍታው ፍሰቱን ይናገራል። አንድ ቀዛፊ ከቤቱ ሳይወጣ ወንዙ ለመቅዘፍ ይበቃ እንደሆነ የሚያውቀው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንለፍ። ውኃ በወንዙ ውስጥ መኖሩ ብቻውን ሰው በላዩ እንዲያልፍ አያስፈቅድም። በአሜሪካ ሕግ አንድ ወንዝ ክፍለ ግዛቱ ወደ ኅብረቱ በገባበት ጊዜ በተለመደ ዓይነት ጀልባ ለንግድ መጓጓዣነት ያገለግል ወይም ሊያገለግል ይችል ከነበረ፣ ወለሉ የመንግሥት ነው። የዚህ ትርጓሜ ሥር በ1870ዎቹ መባቻ በሚቺጋን ስለምትሠራ አንዲት የእንፋሎት መርከብ የተሰጠ ፍርድ ነው። በ2012 ከፍተኛው ፍርድ ቤት በሞንታና ወንዞች ጉዳይ ላይ መለኪያው ለወንዙ በሙሉ ሳይሆን ለየቁራጩ መሆኑን ወሰነ። ሉዊስና ክላርክ በ1805 የሚዙሪን ፏፏቴዎች ጀልባቸውን በየብስ ተሸክመው ማለፋቸውም በክርክሩ ተነሥቶ ነበር። በነገሩ ውስጥ ያለውን ምጸት ልብ ይሏል፤ ነጭ ውኃ ለቀዛፊ ውድ የሚያደርገው ያው መንደርደሩ፣ በጥንቱ የንግድ መለኪያ ግን ወንዙን ከ«መጓጓዣ» ተራ ያስወጣዋል። ያን ጊዜ ወለሉ የባለመሬቱ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ምን መብት እንደሚተርፈው የሚወስነው የየክፍለ ግዛቱ ሕግ ነው።

በዚህ ላይ ከሰማናቸው ሁሉ የማንረሳው የኮሎራዶው ነው። በ1976 ጥቂት ሰዎች በኮሎራዶ ወንዝ ላይ በአንድ የከብት እርባታ ይዞታ መካከል ተንሳፍፈው አለፉ። ባለመሬቱ በወንዙ ላይ እሾኻማ ሽቦ ዘርግቶ ነበር። ጀልባቸው የተሸፈነ ጎማ ሆኖ ከላዩ መቀመጫ ያለው ነው። ፍርድ ቤቱ ልኬቱን በዝርዝር መዝግቦታል። ጎማው የሚሰምጠው ከ13 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር፣ የተቀማጩ እግር ከውኃው ገጽ በታች የሚወርደው ከ20 እስከ 25፣ ውኃው ከሁሉ ይልቅ በሚያንስበት ቦታ ጥልቀቱ 30 ነበር። ክሱ በሰው ይዞታ ያለፈቃድ መግባት ነው፤ ምክንያቱም ሰዎቹ ከድንጋይ ለመራቅ አልፎ አልፎ ወለሉን ነክተዋል። የክፍለ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1979 ጥፋተኝነታቸውን አጸና። ወለሉን ሳይነኩ መንሳፈፍ ግን ወንጀል እንዳልሆነ ዐቃቤ ሕጉ በ1983 አስተያየት ሰጠ። እንግዲህ በእግር ጣትና በወንዙ ወለል መካከል ያለችው 5 ሴንቲ ሜትር ነፃ ሰውንና ወንጀለኛን ትለያለች ማለት ነው። በበጋ ፍሰቱ ሲቀንስ፣ ማኒንግ እንደነገረን ጥልቀቱም ሲቀንስ፣ ሕጋዊው ጉዞ በሐምሌና በነሐሴ መካከል ወንጀል ወደ መሆን ይቃረባል። ሕግ በፊዚክስ ላይ ሲቆም እንዲህ ዓይነት ነገር ያጋጥማል።

ኒው ሜክሲኮ ሌላ መንገድ ሄደች። በዚያ ውኃው የሕዝብ መሆኑን በ1945 ፍርድ ቤት ወስኖ ነበር። ሆኖም በ2015 በወጣ ሕግና እርሱን ተከትሎ በመጣ ደንብ ባለመሬቶች በይዞታቸው የሚያልፈውን ወንዝ «መጓጓዣ ያልሆነ» አሰኝተው መዝጋት ጀመሩ። ከአልበከርኪ የመጣ አዶቤ ዋይትወተር የተባለ የበጎ ፈቃደኞች የቀዛፊዎች ክበብ ከአዳኞችና ከዓሣ አጥማጆች ማኅበራት ጋር ሆኖ ተከራከረ። በ2022 የክፍለ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደንቡን ሻረ፤ ሕዝቡ በውኃው የመጠቀም መብቱ ለዚያ እስከሚያስፈልገው ድረስ ወለሉን መንካትንም ይጨምራል አለ፤ በባለመሬቱ ግቢ አቋርጦ ወደ ወንዙ መግባትን ግን አልፈቀደም። በ2023 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኙን አልቀበልም አለ። አንድ ክበብ ብቻውን ይህን ያህል ርቀት ይደርስ ነበር ብለን አናምንም፤ ለዚያ ያበቃው ሦስት ማኅበራት አንድ ላይ መቆማቸው ነው። ከሦስቱ ቀዛፊ የነበረው አንዱ ብቻ መሆኑን እናስተውላለን። ዓሣ አጥማጁና ቀዛፊው በወንዝ ዳር ብዙ ጊዜ አይዋደዱም፤ አንዱ የሌላውን ዓሣ ያባርራል።

ሁልጊዜ ግን አይሳካም። በቨርጂኒያ የጃክሰን ወንዝ ላይ ባለመሬቶች የእንግሊዝ ነገሥታት በ18ኛው ክፍለ ዘመን የሰጧቸውን የርስት ደብዳቤ ይዘው ቀረቡ፤ በ1996 የክፍለ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለእነርሱ ፈረደ። ከዓመታት በኋላ በዚያው ወንዝ ላይ ዓሣ ሲያጠምዱ ለተከሰሱ ሰዎች ከወንዝ ወዳጆች ገንዘብ ተሰበሰበ። በ2012 ዳኛው የንጉሡ ደብዳቤ ለባለይዞታው በቂ መነሻ ነው አሉ፤ ተከሳሾቹም ነገሩን ወደ ፊት አልገፉበትም። ገንዘቡ ጠበቃ አቆመ እንጂ የንጉሥ ማኅተም አልፋቀም።

ለፊዚክስ ሰው ይበልጥ ደስ የሚለው የኒው ዮርኩ የሙስ ወንዝ ነው። በ1991 ጥቂት ቀዛፊዎች ሆን ብለው በአንድ የግል ክበብ ይዞታ አልፈው ተከሰሱ። በ1998 የክፍለ ግዛቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት፣ ወንዝ መጓጓዣ መሆን አለመሆኑ ሲመዘን የመዝናኛ ጉዞም ማስረጃ ይሆናል፤ እንቅፋት ሲያጋጥም ጀልባ ተሸክሞ በዳርቻው ማለፍም የጉዞው አካል ነው አለ። በኋላ ሁለቱ ወገኖች ሲታረቁ ቀዛፊዎች የሚያልፉበት ጊዜ በወቅትና በወንዙ መለኪያ ላይ በሚታይ ከፍታ ተወሰነ። ሁለት ባላንጣዎች በአንድ የብረት መለኪያ ቃል ለመገዛት መስማማታቸው ለመለኪያው ትልቅ ክብር ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋር የእኛም ወንዞች ትንሽ ይገናኛሉ። በ1973 በሪቻርድ ባንግስ መሪነት የኦሞን ወንዝ በጎማ ጀልባ የወረዱት ወጣቶች በአሜሪካ ወንዞች ላይ ሙያውን የተማሩ አስጎብኚዎች ነበሩ። ከኦሞ ጉዞ ያቋቋሙትን ድርጅት «ሶቤክ» ብለው የሰየሙት በግብፃውያን የአዞ አምላክ ስም ነው፤ አዞዎቹ እንዲራሩላቸው ይመስላል። በ2004 ደግሞ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ዓባይን ከምንጩ ጀምረው እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር በ114 ቀናት ተጉዘውበታል። በጣና ታንኳ ያደገ ሰው ለመቅዘፍ አዲስ አይደለም።

ወደ ጋውሊ እንመለስና እናብቃ። ሸለቆው ገደል በመሆኑ መግቢያው የመንግሥት ቢሆንም፣ ከግድቡ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ወረድ ብሎ ያለው መውጫ ለረጅም ጊዜ ያስቸገረው የግል መሬት በመሆኑ ነው። ማኅበሩ በዚያ ሜሰን ብራንች በተባለ ቦታ በመዋጮው ማሳ እየተከራየ መኪና ማቆሚያ ሲያደርገው ቆይቷል። የሣር ሜዳ ነው፤ በዝናብ ጊዜ ጭቃ ይሆናል። ለአንድ ዓመት የከፈልነው አባልነት ከዚያ ማሳ ላይ የስንት መኪና ጎማ ቦታ እንደገዛ ባልደረባችን እያሰላ ሲያሾፍብን ነበር።

የመጨረሻው ቀን ሰኞ ማታ ግድቡ ፍሰቱን ሲቀንስ ዳር ላይ ቆይተን ነበር። በአንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ የውኃውን ገጽ በእርሳስ አመለከትን፤ በየአሥር ደቂቃውም አዲስ መስመር አሠመርን። በመጀመሪያ መስመሮቹ ተራርቀው ነበር፤ በኋላ ግን እየተቀራረቡ ሄዱ። ድንጋዩ ከላይ ደርቆ ከታች ርጥብ ሆኖ ቀረ፤ ባልደረባችን በክንዱ ሲለካው ከክርኑ እስከ ጣቶቹ ጫፍ ሁለት ጊዜ ሞላ። ጩኸቱ ሲቀንስ ቀኑን ሙሉ ያልሰማነውን የወፍ ድምፅ ሰማን። ከዚያ መብራት አብርተን ወደ መኪናው የሚወስደውን ዳገት ጀመርን።